ፕሮግራሙ ጥቁር የለበሰ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ሞቼ ነበር። ገዳዩም እኔው ነኝ፤ መሣሪያው ኮምፒውተር፣ ምክንያቱ ዝንጉነት።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሪቻርድሰን በምትባል ከተማ፣ በአንድ የስልክ ኩባንያ ሃያ ዓመት ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያለኝ ሥራ ደሞዝ የለውም፤ የዕድራችንን ፕሮግራም መጠበቅ ነው። የአባላቱ ስም፣ የቤተሰባቸው ስልክ፣ የለቅሶው መዝገብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። አባሎቻችን ከዚህ እስከ ፎርት ዎርዝ የተበተኑ ናቸው፤ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ክርስቲያኑም የወሎው ሙስሊምም። ፕሮግራሙ ያለው ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው ጸሐፊያችን ናት።

መጀመሪያ ስሠራው አንድ ብልሃት አስገብቼበት ነበር። ብልሃት ያልኩት ያኔ ነው። አባል ሲያርፍ «ሐዘን» የሚለው ቁልፍ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ በሙሉ ጥቁር ይለብሳል፣ የሟቹ ስም ብቻ መሐሉ ላይ በነጭ ይቀራል። ማታ ያረፈ ካለ ሊቀመንበሩ ከቤቱ ሆኖ ይመዘግባል፤ ጸሐፊዋ ጠዋት ስትገባ ጥቁሩን አይታ መደወል ትጀምራለች። ኮሚቴው ወደደው። አንድ ሁለቱን እንዲያውም እንባ እንባ አላቸው። እኔም እንደ ትልቅ ሠዓሊ ተንጠባረርኩ።

ከሦስት ወር በፊት ጸሐፊዋ ደወለችልኝ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ሌላ ስቴት የሚኖሩ ሴት ናት። ዓይኗን ከታመመች ወዲህ ነጭ ስክሪን አልችል ብላለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነጭ ነገር ሚጥሚጣ እንደገባበት ነው ዓይኔን የሚያቃጥለኝ። ስልኬን ልጄ ጥቁር አድርጋልኝ ተገላግያለሁ። ይሄኛውስ አይሆንም?»

«ይሆናል። በሁለት ቀን።»

«ቶሎ ይሁን እባክዎ። ሊቀመንበሩ፣ ካቃተሽ ለሌላ እንስጠው እያለኝ ነው። ይቺን ወንበር ካጣሁ ጠዋት ተነስቼ የት ነው የምሄደው?»

ሁለቱ ቀን ሦስት ወር ፈጀ። የፈለገችው ወጣቶቹ «ቲም» የሚሉትን የስክሪን ልብስ ነው፤ ፕሮግራሙ ያው ሆኖ ልብሱን ብቻ እንዲቀያይር። ነጭ ለፈለገ ነጭ፣ ለእሷ ጥቁር፣ እንደ እኔ ላለው ደግሞ አጥሚት የመሰለ ቀለም። ቀላል ነበር፣ ፕሮግራሙን የሠራው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ። የሠራሁት እኔ ነኝና ስድሳ ምናምን መስኮት ውስጥ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ፣ ቀለሙን በእጄ ጽፌዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ «የጽሑፉ ቀለም ይህ፣ የጀርባው ይህ» ብዬ አስቀምጬ ሁሉም ከዚያ እንዲወስድ ማድረግ ነበረብኝ። ሶ፣ እናላችሁ ልብሱን ላወልቅ ብሞክር ለካ ቆዳው ላይ ሰፍቼዋለሁ። በቀን አንድ ሁለት መስኮት እፈታለሁ፣ ወገቤ ይቆረጣል፣ ጥቁር ላይ ጥቁር ጽፌ የጠፋኝን ፊደል ስፈልግ እውላለሁ። ማን ነው ይሄን የሠራው ደደብ እያልኩ ስንት ቀን ተሳደብኩ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ትናንት አመሻሽ ላይ አለቀ። ከቤቴ ሆኜ የዕድሩ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩትና ጥቁሩን አለበስኩት። ለመሞከር አንድ የአባል መዝገብ መክፈት ነበረብኝ። የሰውን ስም ጥቁር ላይ ማውጣት ደስ አላለኝም፤ የራሴን ከፈትኩ፤ ስሜ ጥቁሩ መሐል በነጭ ጎልቶ ወጣ። አማረ። ለጸሐፊዋ አልነገርኳትም፤ ነገ በቦታው ተገኝቼ አስደንቃታለሁ ብዬ። እንደዚያው ትቼው፣ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ተኛሁ። ደክሞኝ ነበር።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ጥቁር፤ መሐሉ ላይ የእኔ ስም። ደወለችልኝ፣ አላነሳሁም። ሊቀመንበሩ ጋ ደወለች፣ ሥራ ላይ ነበርና እሱም አላነሳም። አልቅሳ ስታበቃ የተሰጣትን ሥራ ሠራች። ለአባላቱ መርዶውን አስተላለፈች።

በሩ ሲንኳኳ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። ብከፍት፣ ከኤርፖርት ወደ ግሬፕቫይን ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልሰው ሹፌር ቆሟል፤ የወሎ ሙስሊም ነው። በአንድ እጁ ድስት፣ በሌላው ታጣፊ ወንበር። ሲያየኝ ወንበሩ ከእጁ አመለጠ።

«ጋሼ!... ወላሂ፣ እርስዎ ሞተዋል እኮ!»

«እኔም ገና ካንተ መስማቴ ነው። ግባ፣ ድስቱ ሳይቀዘቅዝ።»

«እንዴ! ሥራዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ለአስር ሰው ኮል አድርጌያለሁ! አሁን ምን ልበላቸው?»

«ለመሞት እንኳ ሰነፈ በላቸው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ከዚያ ተቆጣ። ድስቱ ውስጥ ያለው ምስር ወጥ ነው። ዛሬ ረቡዕ፣ የእኛ ጾም መሆኑን ሚስቱ ናት ያስታወሰችው። ይህን ሲነግረኝ ድስቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ሹፌሩ ለሊቀመንበሩና ለጸሐፊዋ ደውሎ መኖሬን ሲያበሥር፣ እኔም ስልኬን ባነሳ ሠላሳ ምናምን ጥሪ። ጸሐፊዋ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሞተውም ሰው ያደክማሉ?» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። ከዚያ ዝግ ብላ፣ «ሊቀመንበሩ እየመጣ ነው። የሞተና ያልሞተ መለየት አቃታት፣ ዓይኗ አልቋል፣ የክፍሉን ቁልፍ ታስረክብ ብሏል» አለችኝ።

ዝንጉው እኔ፣ ወንበር የምታጣው እሷ። ፒጃማዬ ላይ ኮት ደርቤ ሹፌሩን «ውሰደኝ» አልኩት።

ሊቀመንበሩ የዕድሩ ክፍል ውስጥ ሳይቀመጥ ጠበቀን። «እንኳን ኖሩልን፣ ጋሼ። አሁን ይሄን ጥቁር ያጥፉትና ነጩን ይመልሱ። እሷንም ከእንግዲህ አናድክማት።»

«ዓይኗ በትክክል ነው ያየው» አልኩት። «ጥቁር ማለት ሞት ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ ጥቁር ማለት ልብስ ነው አልኩ፤ ለማንም ሳልናገር። አንዱን ቀለም ሁለት ነገር አሸከምኩት። ይህን እንኳ ሳላውቅ ሃያ ዓመት የፕሮግራመር ደሞዝ በልቻለሁ።»

«ሶ፣ ምን ይሁን?»

«ሶ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

ተቀመጥኩና የኮራሁበትን ብልሃት ነቅዬ ጣልኩት። ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ምንም ይልበስ፣ ሞት በቀለም አይነገርም። አናቱ ላይ በትልቅ ፊደል «ሐዘን» ብሎ የሟቹን ስምና የመዘገበውን ሰው ይጽፋል፤ ያ ጽሑፍ ከሌለ ማንም አልሞተም። አርባ ደቂቃ አልፈጀም።

ጥቁሩን ልብስ መልሼ አለበስኩትና ተነሳሁላት። «አንብቢለት።»

ተቀምጣ አባላቱን ከላይ ጀምሮ ስም በስም፣ ከነስልካቸው ታነብ ጀመር። እንደ ወትሮው መሐረብ አላወጣችም፣ ዓይኗንም አልጨፈነችም። ሊቀመንበሩ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ ሲከተላት ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ ግን አልታየኝም» አለ።

«ለእርስዎ ነጩ አለልዎት» ብላ አንዴ ጠቅ አደረገች። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አይቶ ሲበቃው ጥቁሩን መለሰችው። የክፍሉን ቁልፍ ነገር ማንም አላነሳባትም።

ቤቴ ገብቼ የራሴን የለቅሶ ምግብ ብቻዬን በላሁ። ጨው በዝቶበታል፤ ደም ግፊት ላለበት ሟች አይሆንም። ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ።

ድስቱ አሁን ታጥቦ ምድጃው ላይ ተቀምጧል። የሹፌሩ ሚስት ድስት ነው፤ በእኛ ደንብ ደግሞ ድስት ባዶውን አይመለስም። ሥጋ እንዳልሠራበት የእኛ የክርስቲያኖቹ እርድ ለእሷ አይሆንም። ከዚያ ሌላ ማብሰል የማውቀው እንቁላል ብቻ ነው። ለለቅሶ ቤት የተላከ ድስት እንዴት ትልቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በስንት እንቁላል እንደምሞላው እያሰብኩ እስካሁን እያየሁት ነው።