ካንሶና የድንጋዮቹ ጉልበት

ካንሶ እግሯ አርፎ አያውቅም። በሰባት ዓመቷ ከመንደሯ ወጥታ ለአማልክቱ ቤተ መቅደስ በተወዛዋዥነት ስትሰጥ እናቷ ለውዝዋዜ መምህርቷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይቺ ልጅ ስትበላ እንኳ አትቀመጥም።» ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላትም ያው ነበረች። ጠዋት ጠዋት በአማልክቱ ፊት ታሸበሽባለች፤ ከዚያ የሚያማትን የግራ ጉልበቷን በትኩስ ቅጠል አሽታ ግቢውን ስትዞር ትውላለች።

በዚያ ዓመት ንጉሡ ለተወዛዋዦቹ አዲስ አዳራሽ ያሠሩ ነበር። ከየበሩ ጉበን በላይ የሰማይ ተወዛዋዥ ሴቶች ምስሎች በድንጋይ ላይ በረድፍ ይቀረጻሉ። ካንሶ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሄዳ አንጋጣ ታያቸዋለች። የሆነ ነገር ይቆረቁራት ጀመር፤ ምን እንደሆነ ግን ጠፋባት። ሩዝና ዓሣ ቀርቦላት ሁለቴ ሳትጎርስ ትነሳለች። በአራተኛው ቀን፣ ለማሸብሸብ ጉልበቷን ስታጥፍ ድንገት ገባት።

ሥርዓቱ እንዳለቀ እየሮጠች ሄደች። ሽማግሌው ድንጋይ ቀራጺ ካምቪት የቀርከሃ መወጣጫው ላይ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ሴቶችህ ሊወድቁ ነው» አለችው።

«ድንጋይ ናቸው ልጄ፤ የት ይወድቃሉ?»

«ክብደታቸውን የጣልከው በተነሳው እግራቸው ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ የሚቆም ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ሠላሳ ዓመት ቀርጫለሁ።»

«እኔም ሃያ ሰባት ዓመት ቆሜያለሁ።»

ከታች ድንጋይ የሚያለሰልሱት ሠራተኞች ሳቁ። አንዱ «ካወቅሽ ውጪና ቁሚለት» ሲል አፌዘባት። ካንሶ ሁለተኛ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም። ሽርጧን አጥብቃ በቀርከሃው ወጣች፤ ዝናብ ባረጠበው ጣውላ ላይ ቀኝ እግሯን አነሳች፣ የሚያማትን ግራ ጉልበቷን ወደ ውጭ አጠፈች፣ የእጅ ጣቶቿን ወደ ኋላ ቆለመመች።

ካምቪት ከተቀመጠበት ተነሳ። ገመድ አውጥቶ ከወገቧ እስከ ተረከዟ ለካት።

«አትነቃነቂ።»

«እሱን አልችልም፤ ቶሎ በል።»

ቀድሞ የተቀረጹት አሥራ አንዱ እንዳሉ ቀሩ፤ ከድንጋይ ላይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ከአሥራ ሁለተኛዋ ጀምሮ ያሉት ግን በእግራቸው ቆሙ።

በቀጣዩ ክረምት ጉልበቷ ጨርሶ እምቢ አላት። ከውዝዋዜው አውጥተው ለአማልክቱ ሩዝ ከሚፈትጉት ሴቶች ጋር መደቧት። ሙቀጫው አጠገብ ቆማ ትወቅጣለች፤ እግሯ ግን ከቤተ መቅደሱ የከበሮ ምት ሲሰማ ይሸሻታል። ካምቪት አዲስ በር በጀመረ ቁጥር ሰው ይልክባታል። የሩዙን ገለባ ከልብሷ ሳታራግፍ እያነከሰች ትደርሳለች።

አንድ ቀን «አሁንስ፣ ይቆማሉ?» አላት።

ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችና «አራተኛዋ አንገቷ ደርቋል» አለችው።