በቀኝ የወጣችው ልጅ

ፈረስ በግራ በኩል ነው የሚወጣው። ግራ እግርህን እርካቡ ላይ ታኖርና ቀኙን ታዞራለህ። ይህ በእንጅባራ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ስለዚህ የጻፍኩት የልጆች ልብ ወለድ «ፈረስ አይቶ የማያውቅ ሰው ሥራ» ተብሎ ሲመለስልኝ ደሜ ፈላ።

ታሪኩ ከዘንገና ሐይቅ ስለሚወጣ ፈረስ ነው። አገሩን ከዋጠው ጉም የሚያድነው እሱን የጋለበ ብቻ ነው። ጀግና የተባለ ሁሉ ይሞክራል፤ ፈረሱም አንድ በአንድ ከመሬት ይደባልቃቸዋል። ለካ በግራ የሚመጣበትን አይወድም። በመጨረሻ ግራ እግሯ የሰለለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሌላ መላ ስለሌላት፣ በቀኝ ትመጣለች። ፈረሱም ቀጥ ብሎ ይቆምላታል። ልጅቷ የራሴ ልጅ ናት፤ እግሩም የእሷው። ለክፍሏ ልጆች ሁሉ «የአባቴ መጽሐፍ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» ብላ ጨርሳለች።

ለትምህርት ቤቶች የሚታደሉ መጻሕፍትን ከሚገመግሙት አንዱ በጉግስ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። «ቀኝ» ያልኩትን ሁሉ በቀይ ሰርዘው «ግራ» ብለው ጠበቁኝ።

«በቀኝ የሚወጣ አገው የት አየህ? የቆሰበር ከተማ ሙሉ እንዲስቅብን ነው?»

«እርስዎ አያዩም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ማን ፈረስ አጠገብ ያስደርሳታል?»

«አትቆጣ። ጠበል አስጠምቃትና እግሯ ይዳን፤ እንደ ሰው በግራ ትውጣ። አለዚያ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።»

እንደ ሰው! ለዚህ ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ አልልም። ነገር ግን ወረቀቴን ይዤ አልሄድኩም። መጽሐፌን በየክፍሉ ሲያነቡት ማየት አጓጓኝ። ሦስት ዓመት የደከምኩበትን በሁለት ቀን አበላሸሁት፤ ጠበል ጨመርኩ፣ እግሯን አዳንኩ፣ ጀግኖቹ ለምን እንደወደቁ የሚናገረውን ምዕራፍ አወጣሁ። ሽማግሌው አነበቡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እጃቸውን መስበር አማረኝ፤ «አመሰግናለሁ» አልኩ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ልጄ ከእጄ ነጥቃኝ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እሷን ራሷን ስንት ክረምት ጠበል አመላልሰናታል። የጠበሉ ገጽ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

«አባ፣ እግሯ ባይድን ፈረሱ አይፈልጋትም ነበር?»

«ይፈልጋት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አዳንካት? ነገ ልጆቹ ሲያነቡት ውሸታም ይሉኛል።»