መርከብ በር ድረስ አይመጣም

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እዚህ ኦስሎ ታክሲ ሲነዱ ተሳፋሪውን «መሄድ ፈልገሃል?» ብለው ሳይጠይቁ ሞተር አያስነሱም ነበር። ሰካራሙ ይስቃል፣ የቸኮለው ይቆጣል።

ልማዱን ያመጡት አንድ ታሪክ ከሰሙ በኋላ ነው። ናዚ ጀርመን ኖርዌይን በያዘ ጊዜ አይሁዳውያኑን ከየቤታቸው የለቀመው የአገሬው ፖሊስ ነበር፤ ወደብ ላይ ወደቆመው መርከብ ያመላለሳቸው ደግሞ የከተማው ታክሲ። ወደ ሞት ካምፕ ከተጋዙት የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

«ትእዛዙ ከላይ ነው፤ ሹፌር ምን ያድርግ?» ብዬ ተከራከርኳቸው።

«አንተ መጽሐፍ ባነበብክ ቁጥር ለመንግሥት ጠበቃ ትቆማለህ። መርከብ በር ድረስ አይመጣም እኮ፤ የሚያደርስ ሹፌር ይፈልጋል!»

አንድ ቀን አብሬያቸው ሳለሁ ከሆልምሊያ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ከነልጁ ተሳፈረ። ልጁ አባቱን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባ ነው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው ሽማግሌውን ጠየቁት።

«ኔይ» አለ፣ አልፈልግም ማለቱ ነው።

ልጁ ጮኸ። አጎቴ ሞተሩን ሳያስነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳቸው።

«ጉዳዩ የቤተሰብ ነው፤ መኪናው የኔ ነው።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ቤቱን ሲያይ ቆየ። ልጁም ጩኸቱን ትቶ የአባቱን እጅ ያዘ። በመጨረሻ ሽማግሌው «እሺ፣ እንሂድ» አለ።

ካወረድናቸው በኋላ «ያው ሄደ አይደል?» አልኩ።

«ሄደ። ግን ተጠይቆ።»

ያን ቀን እስከ ቬስትሊ ሰፈር ድረስ ስንጨቃጨቅ ሄድን። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የምናገረውን የሚቃወም የለም፤ ሰዉ ሁሉ በትሕትና ከእኔ ጋር ይስማማል። ብቸኝነት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።