ሽማግሌ ያስታረቀው ሲስተም

ስሙን አልጠራም። ያኔም አልጠራውም ነበር፤ ልማዱ ዛሬም አልለቀቀኝም። እሱ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። እኔ ደግሞ መንዝ ውስጥ ባለ ትንሽ ኮሌጅ የኮምፒዩተር መምህር ነኝ። አውቶቡሱ ካልተበላሸ በመካከላችን ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ጠባችን የተጀመረው ሥልጠና ላይ ነው። ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርታቸውን በ«ተናባቢ» ሲስተም እንዲሰጡ ተወሰነና አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ተናባቢ ማለት እኛ ሲስተም ላይ የሞላነው ውጤት፣ ማንም ወረቀት ሳይሸከም፣ እነሱ ሲስተም ላይ ይነበባል ማለት ነው። አሠልጣኙ «ከእንግዲህ ሲስተሞቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ» አለን። አጨበጨብን። ሻይ ሰዓት ላይ ይኸው የዩኒቨርሲቲው ሰውዬ፣ ዓለም ከተማ ያደገ የመርሐቤቴ ልጅ፣ ብስኩቱን እያኘከ «የመንዝ ሲስተም እንደ መንዝ ገብስ ነው፤ እስኪደርስ ሰው ይራባል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም «ሰርቨር የሚወደው ብርድ ነው፤ እንዴት ለቆላ ሰው አደራ ሰጡት?» አልኩ። ሰው የባሰ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እኔም በእሱ ቀልድ አልሳቅሁም ነበር።

ኮሌጄ እንደተመለስኩ «ለዚያ ሰውዬ ስልክ ብደውል እጄን ይቁረጠው» ብዬ በመምህራን ፊት ማልኩ። እኛ አገር መሐላ አፍ ማሟሻ አይደለም። የሰማ ሁሉ ይጠብቅሃል።

ችግሩ፣ ሁለቱ ሲስተሞች እንዲናበቡ እሱ ዘንድ ያለ ቁልፍ ማስፈለጉ ነው። ቁልፍ ስል የበር አይደለም፤ አርባ ምናምን ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት የምስጢር ቃል ነው። ደውዬ ብጠይቀው ባምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በደብዳቤ ጠየቅሁ። የእኛን ደብዳቤ እኔ አረቅቃለሁ፣ ዲናችን ይፈርማሉ። የእነሱን መልስ እሱ ያረቅቃል፣ አለቃው ይፈርማሉ። መጀመሪያ «ማኅተሙ ስለደበዘዘ በድጋሚ ይላክልን» አለ። እኔም ማኅተሙን ሁለት ቦታ አስመትቼ «ለዓይናችሁ እንዲያመቻችሁ» ብዬ ላክሁ። የሚቀጥለውን «በእናንተ በኩል ያለውን የአቅም ውስንነት በመገንዘብ» ብሎ ጀመረው። ያችን ያነበብኩ ቀን ምሳ አልበላሁም። አለቆቻችን ግን በደብዳቤዎቹ ትሕትና እጅግ ረክተው ነበር። እንዲህ ስንባባል አምስት ወር ሄደ።

በዚህ መሀል አንድ ተማሪ ነበሩኝ። ሴትዮዋ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣሉ፤ ጓሳ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ዲፕሎማቸውን በእኛ ኮሌጅ በኦንላይን ነው የተማሩት። ቤታቸው ኔትወርክ ስለሌለ ስልክ ወደሚይዝበት ኮረብታ እየወጡ፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚፈተኑት። አንድ ቀን ፈተናው መሀል ላይ ተቋረጠና «በረዶ መጣብኝ» የሚል መልእክት ላኩልኝ። የተማሪ ሰበብ መስሎኝ ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቶ በረዶው የእኛንም ቆርቆሮ ሲደበድበው ሳቄን ዋጥሁ።

ዩኒቨርሲቲው ለዲግሪ ተቀብሏቸዋል። ነገር ግን ውጤታቸው እስከ ዓርብ በሲስተሙ ካልገባ ቦታቸው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። በወረቀት አይቀበልም፤ ሲስተሙ ተናባቢ ነዋ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጡ።

«መምህር፣ ውጤቴ አልደረሰም ይሉኛል» አሉ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሣልሁ፤ በመካከላቸው ቀስት አሰመርሁ። ስለ መረጃ አደራደር፣ ስለ ሶፍትዌር ስሪት፣ ስለ ደኅንነት ብዙ አስረዳኋቸው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪያቸውን እንደሚያዳምጡ አድርገው አዳመጡኝ።

«ገባኝ» አሉ። «ሁለቱ ሲስተሞች አይነጋገሩም።»

«በትክክል።»

«እናንተስ ትነጋገራላችሁ?»

«እነማን?»

«እርስዎና የዚያኛው ቤት ሰውዬ።»

ሳጥኖቹን አየኋቸው። «ምያለሁ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዎች አስከትለው ተመለሱ። አንዱ የንስሐ አባታቸው ናቸው። ሌላው ድሮ የጓሳን የጋራ ሣር ሲጠብቁ የኖሩ፣ ሣሩ ሳይፈቀድ ያጨደን ሰው ማጭድ ሲቀሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልናስታርቅህ ነው የመጣነው» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ ጉዳዩ እኮ የቴክኒክ ነው።»

«እሱም ይታረቃል።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ።

«ምያለሁ፣ አባ። ስልክ ብደውልለት እጄን ይቁረጠው ብያለሁ።»

ቄሱ ከመሐላው ሊፈቱኝ መስቀላቸውን ማውጣት ጀመሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ያዟቸው። «ይቆዩ፣ አባ። ልጁ የማለው ስልክ ላይደውል ነው። አውቶቡስ ላይሳፈር ምሏል?»

አልማልኩም ነበር።

ሐሙስ በማለዳ አራታችን ተሳፈርን። ሰውዬው ከቢሮው መስኮት አየን። መጀመሪያ እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ቀጥሎ መስቀሉንና ከዘራውን ሲያይ ወንበር ፍለጋ ተሯሯጠ። ደጁ ለቆመ ሽማግሌ «አልፈልግም» የሚል ሰው ቆላም ደጋም የለም። የተጣላንበትን ቃል በየተራ ተናገሩ ተባልን። እሱ ገብሱን ተናገረ፤ እኔ ብርዱን ተናገርኩ። ሰው ፊት ሲነገር ሁለቱም እንዴት ትንሽ ነገር እንደሆኑ ያኔ ነው የታየኝ።

ሽማግሌው አሰቡ። «ገብሳችን ዘግይቶ መድረሱ እውነት ነው» አሉ። ከዱኝ ብዬ ሳዝን «ቆላውም ብርድ የለውም፤ እውነት ነው። እውነት ተባብላችሁ ነው እንዴ የተኳረፋችሁት?» አሉ።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። እሱ ቁልፉን በአፉ ያነባል፤ እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ እነሱ ምስክር ይሆናሉ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ትእዛዝ ቁልፉን ሰው ፊት አታንብቡ የሚል ነበር። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት፤ በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሐሳብ ኖረን።

«በኢሜይል ብልክለትስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«በአፍ የተጣላ በአፍ ይታረቃል» አሉት ሽማግሌው።

የኮሌጃችንን ሲስተም በእሱ ኮምፒዩተር ከፈትሁ። ፊደል በፊደል አነበበ፤ ተቀብዬ ጻፍሁ። ስሳሳት በትዕግሥት ያርመኝ ነበር። የመጨረሻዋን ቁጥር ስጽፍ ቄሱ «አሜን» አሉ። ማያ ገጹ ላይ ያለው ክብ ትንሽ ዞረና የሴትዮዋ ውጤት፣ እያንዳንዱ ትምህርት ተራውን ጠብቆ፣ ወረደ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሰውዬው ሊሰናበተን ሲል «ቁልፉ እኮ በየዓመቱ ይታደሳል» አለ።

«እንግዲያው በየዓመቱ እንመጣለና» አሉ ሽማግሌው።

ስንመለስ ቄሱና ሽማግሌው ፊተኛው ወንበር ላይ አንቀላፉ። እኔ አንድ ነገር የሠራሁ ሰው መስዬ ሴትዮዋ አጠገብ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን።» ትንሽ ቆይተው «መምህር፣ እኔም እኮ ከእርስዎ ጋር ተጣልቼ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«አምስት ወር ሆነኝ። እርስዎ አላወቁም እንጂ። ውጤቴ ደርሶ እንደሆን ለማየት በየቅዳሜው እዚያች ድንጋይ ላይ እወጣ ነበር።»

አፈርኩ። ለደብዳቤዎቹ ቃል ስመርጥ፣ ማኅተም ሁለት ቦታ ሳስመታ፣ እሳቸው ጋቢ ተከናንበው ብርድ ላይ ነበሩ። ተነሥቼ አውቶቡሱ መሀል ላይ እጅ ነሣሁ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ረዳቱ «ወንድም፣ ቁጭ በል፤ ትወድቃለህ» አለኝ።

ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። «ያለ ሽማግሌ እርቅ አይጸናም» አሉ። «ሲነቁ ይንገሯቸው።»

የነቁት ሞላሌ ስንደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ብረቱን ይዤ ቆሜ ነበር።