ክር የታሰረበት ባቄላ

ወርቅዬ ፉሪ ዳር ካለው ማሳዋ በምታገኘው ትኖራለች፤ ከጨውና ከላምባ በቀር ከገበያ የምትገዛው የላትም። የከርሞው የባቄላ ዘር እንኳ የሚገኘው ከዚያው ማሳ ነው። በአንድ ጥቅምት «ተማሪው እርሻን ከገበሬው ይማር» የሚል መመሪያ ወጥቶ መምህር ምትኩ ተማሪዎቹን በየቅዳሜው ያመጣላት ጀመር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ለምለሙን ባቄላ ሲያዩ፣ «እትዬ፣ መብላት ይቻላል?» አሏት።

«እሸት አይከለከልም። በኪስ ይዞ መሄድ ነው ነውሩ።»

ጎመን ቀንጥሳ ስትመለስ ለዘር ያስቀረችው መደብ ተራቁቷል። በኪሱ የያዘ ግን አንድም ልጅ አልነበረም።

መምህሩ ሊገርፋቸው ቀበቶውን መፍታት ሲጀምር፣ «ይተዉአቸው ጓድ መምህር» አለችው። «ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። የዘር መሆኑን መች ነገርኳቸው?»

«ታዲያ ለከርሞ ምን ሊዘሩ ነው?»

ወርቅዬ አንዴ በሆነ ነገር መቆጣት ከተወች ቆይታለች። ጎንበስ ብላ አገዳዎቹን ስትገልጥ፣ አናታቸው ላይ ገና ያልሞሉ ጥቂት ፍሬዎች አየች። ቢበስሉም ለግማሽ መደብ ቢበቁ ነው። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘችና ልጆቹን ጠራቻቸው።

«ኑ፣ እያንዳንዱን እሰሩ። ክር ያለበት የዘር ነው፤ አይበላም። የዛሬው ትምህርታችሁ ይኸው ነው።»