እናቴን ላቆርብ የሮጥኩ ለት

ልጅ እያለሁ እሑድን የማውቀው በረሃቡና በጠረኑ ነበር። አንበሳሜ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል በአፋችን አይዞርም፤ ከቤተልሔሙ የሚመጣው የትኩስ ኅብስት ሽታ ደግሞ ሆዳችንን ያላውሰዋል። እኛ ልጆች ቆርበን ስንወጣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሰን እንሄዳለን። በዚያን ቀን መትፋት የለ፣ መሯሯጥ የለ፣ ማንንም መሳም የለ። ኩራታችን ለጉድ ነበር!

እናቴ ግን አትቆርብም። እኔን ታቀርበኝና ተመልሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራ ሥር ትቆማለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በሰማንያ የተጋባ ሁሉ ቁርባንን ለእርጅናው ያቆየው ነበር። ባልና ሚስት ከቆረቡ በኋላ መፋታት የለማ! ማን ይድፈር?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ ምሥጢረ ቁርባን እስኪያስተምረን ድረስ ይህ አላስጨነቀኝም። ከክርስቶስ ሥጋና ደም ያልተካፈለ የዘላለም ሕይወት የለውም አለን። በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን በወሊድ ሞተች። እንደ እናቴ ወጣት ነበረች፤ እንደ እናቴም አልቆረበችም። እንቅልፍ አጣሁ። ሙታን ሲነሡ እናቴን ፈልጌ ባጣትስ?

በሚቀጥለው እሑድ ቆረብኩና ጸበሉን ሳልጠጣ፣ አፌን ግጥም አድርጌ ወደ ወይራው ሮጥኩ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አፏን ልስማት ስል ደንግጣ ገፋችኝ።

«በስመ አብ! የቆረበ ሰው ይስማል እንዴ?»

«ላንቺም ይድረስሽ ብዬ እኮ ነው!» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

በነጠላዬ ጫፍ አፌን መልሳ ሸፈነችልኝ። እሷም ታለቅስ ነበር።

የንስሐ አባታችን መምሬ ደምሴ ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። ከሰዓት በኋላ ቤት መጡና አባቴን አስቀምጠው፣ «ለመድኃኒት የተሰጠንን እናንተ ለጡረታ አስቀመጣችሁት» አሉት።

አባቴ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። አንገቱን አከከና፣ «እንግዲህ መምሬ፣ እኔን መቻል ከባድ ነው፤ እሷን ይጠይቁልኝ» አላቸው።

«እስካሁንስ ማን ቻለህ?» አለች እናቴ።

ንስሐ ገቡ፤ ቀኖናቸውን ፈጸሙ፤ ፍልሰታ ሲፈታም አብረው ቆረቡ። አፋቸውን ሸፍነው ሲሄዱ ከኋላ የተከተልኳቸውን እኔን ያየ ሰው፣ የዳርኳቸው እኔ እመስለው ነበር።

አባቴ ፀጉሩ ሳይሸብት ሞተ። እናቴ ደረቷን እየመታች አለቀሰችለት። ለቅሶው ጋብ ሲል ግን ለሴቶቹ፣ «ቆርቦ ነው የሄደው፤ እንገናኛለን» ስትላቸው ሰማኋት።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ታቦር ከተማ ነው። አረብ አገር ሠርቼ ተመልሻለሁ፤ አግብቻለሁ፣ በሰማንያ። ስብከቱ በየስልኩ ሞልቷል፤ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ከነማብራሪያቸው አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ጥቂት ነበር፤ ያቺው ጥቂት ግን ታስሮጠኝ ነበር። ዛሬ አስቀድሳለሁ፤ ቁርባኑን ግን ትንሽ ልደላደል፣ ትንሽ ልረጋጋ እያልኩ አቆየዋለሁ። ያቺ ወደ ወይራው የሮጠችው ልጅ ትናፍቀኛለች።

እናቴ አትቆጣኝም። ባለፈው ስትደውልልኝ ግን ስለ እህሉም ስለ ከብቱም አውርታ ከጨረሰች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔና አባትሽስ እንገናኛለን፤ አንቺን የት ብለን እንፈልግሽ?» አለችኝ።