ምክንያት የማይሰማ ሹፌር

ከሸርቆሌ አሶሳ ሚኒባስ የሚያመላልሰውን ሻዕባንን የማያውቅ የለም፤ በተለይ አንዴ ያረፈደበት ሰው አይረሳውም። ሰዓቱ ደረሰ ማለት ሞተር ተነሳ ማለት ነው። “ዝናብ ይዞኝ ነው” የሚል ሲመጣማ ጭራሽ ይብስበታል። “ጨው ነህ? ትሟሟለህ?” ይለዋል። እሱ ራሱ ጭቃው ጎማ በሚውጥበት ክረምት እንኳ አንድም ቀን በዝናብ አሳቦ ቀርቶ አያውቅም። ግትር ነው፤ ግትርነቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ግን ሰው ይወደዋል።

ዝናብ ላይ ጥሏቸው ከሄደ ሰዎች መሃል አንዱ የአሶሳው ሰሊጥ ነጋዴ ባቢከር ነው። የሰው ነገር ሆነና የባቢከርን ልጅ ሪምን ለማጨት ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ደግሞ ይኸው ሻዕባን። ሙሽራው አብዱልረሂም የሟች ወንድሙ ልጅ ነው፤ ሻዕባን ነው ያሳደገው፤ አሁን አሜሪካ ይኖራል። ባቢከር አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ “ጥሎ መሄድ የዘር ካልሆነ ሰጥቻለሁ” አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሻዕባን አልሳቀም።

ጥር ላይ፣ ረመዳን ሳይገባ፣ የጋብቻው ውል የሚታሰርበት ኒካ ለዓርብ ተቆረጠ። በሬው ተገዝቶ፣ የሪም እጅ ሂና ተቀብቶ ሳለ አብዱልረሂም ደወለ።

“አጎቴ፣ በረራው ተሰረዘ። ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በረዶና ዝናብ ነው።”

“አውሮፕላን የሚሄደው ከደመና በላይ አይደለም እንዴ?”

“መንደርደሪያው ራሱ በረዶ ሆኗል።”

ሻዕባን ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ቢሆንስ? እሱስ ሪምን በምን ዓይኑ ያያታል? ሚስቱ ዓፊያ፣ “ከመራገም በቪዲዮ ደውልና በዓይንህ እየው” ባትለው ኖሮ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውል ነበር።

ደወለ። አብዱልረሂም እስከ ዓይኑ ተጀቡኖ መንገዱን አሳየው። ጣሪያው፣ ዛፉ፣ የቆመው መኪና ሁሉ ነጭ ነው። ሻዕባን አልተደነቀም፤ ነጭ ቢሆንስ? በዚህ መሃል አንድ ከባድ መኪና ብቅ አለ። ፍሬን ይዟል፣ ጎማው ቆሟል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። በሜዳ መንገድ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተንሸራቶ የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጠፈ። የሻዕባን ቀኝ እግር ሳያስበው ምንጣፉን ረግጦ ነበር። ሹፌሩ በደህና ወረደ፤ ወርዶ ደግሞ አዳልጦት በቂጡ ተቀመጠ።

“በቃ ልጄ፣ ቤትህ ግባ” አለ ሻዕባን።

በዚያው እግሩ ወደ ባቢከር ቤት ሄደ። ባቢከር ወሬው ቀድሞ ደርሶት ፊቱ ጠቁሯል። ሪም መጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች።

“በረዶ ነው። አይቻለሁ። ወላሂ፣ እኔም ብሆን አልነዳም” አለ ሻዕባን።

“አንተ? ዝናብ ያዘኝ ስልህ ጥለኸኝ የሄድከው?”

“እኔው።”

የባቢከር ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። “አንተ ካልነዳህማ እውነት ነው።” ከመጋረጃው ጀርባ ሪም ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። የተጠየቁት ሸይህም፣ ሙሽራው ባይኖርም ወኪል ካቆመ ኒካው ይታሰራል አሉ። ወኪል ማን ይሁን? መቼም ሌላ ሰው አይታሰብም።

ዓርብ ዕለት ሻዕባን በነጭ ጀለቢያ የባቢከርን እጅ ጨብጦ ተቀመጠ። ስልኩ ትራስ ላይ ተደግፏል፤ አብዱልረሂም ካፖርቱን እንደለበሰ ያያል። ባቢከር “ልጄን ድሬያለሁ” ሲል ሻዕባንን ላብ አጠመቀው፤ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

“ተቀብያለሁ” አለ፣ በቃ።

ሸይሁ ቀና ብለው አዩት።

“አጎቴ፣ ለማን?” አለ ስልኩ።

“ለአብዱልረሂም፣ ለወንድሜ ልጅ፣ በውክልና” አለ ሻዕባን እየተንተባተበ። ከሴቶቹ በኩል የዓፊያ ሳቅ ከእልልታው ቀድሞ ተሰማ።

በረዶው ጋብ ሲል አብዱልረሂም በረራ አገኘ። በሚደርስበት ቀን ሻዕባን ወደ ሸርቆሌ የሚሄዱ ተሳፋሪዎቹን ጭኖ፣ ባቢከርን ጋቢና አስቀምጦ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ቆመ። አውሮፕላኑ ግን ዘገየ። ጸሐዩ ያቃጥላል፤ ኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ባቢከር ሰዓቱን አየ።

“ሻዕባን፣ ሰዓቱ አለፈ። ጥለነው እንሂድ እንዴ?”

ሻዕባን ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ነቅሎ ባቢከር መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

“እንጠብቀዋለን” አለ።